ሙሉ የሚመለሰው ኮዳ

ልጄን ከትምህርት ቤት ስቀበላት መጀመሪያ የማደርገው ቦርሳዋን ከትከሻዋ ማንሳት ነበር። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። ቦርሳው ከከበደ የውሃ ኮዳው አልተነካም ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ይከብድ ነበር።

በሰመራ ሙቀት ይህ ለማንም ልጅ ጥሩ አይደለም፤ ለእሷ ደግሞ የባሰ ነው። አዋሽ ሳለን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዟት ኩላሊቷ ድረስ ደርሶ ነበር። ትኩሳቱ ሲለቃት ሐኪሙ ሁለት ነገር አጥብቆ ነገረን፦ ውሃ በብዛት ትጠጣ፣ ሽንቷን አትያዝ። ለዘገባ ሥራ ወደ ሰመራ ስዛወር ሁለቱን ምክሮች ይዘን መጣን።

የሁለተኛ ክፍል መምህርቷ ከደሴ የመጣች ወጣት ናት። ሥራዋን ትወዳለች፤ ሕግ ደግሞ ከሥራዋም በላይ የምትወድ ይመስላል። እርሳስ ከደብተር በስተቀኝ፣ ላጲስ ከእርሳስ በላይ ይቀመጣል። ወንበር ሲሳብ ድምፅ አይሰማም። ኮዳ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም፤ በሩ አጠገብ ግድግዳው ሥር በመስመር ይደረደራል። እዚያ ደግሞ የጠዋት ፀሐይ ያርፍበታል። ወላጆች ሁሉ አንድ ነገር ደመደምን፦ ልጆቹ የማይጠጡት ውሃው ስለሚፈላ ነው።

ካፌ ያላት የወሎ ሴት፣ ልጇ ከልጄ ጋር የሚማር፣ መላ አመጣች፤ ኮዳውን ማታ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር። በሳምንቱ አዲስ ሕግ ወጣ። ላብ የሚያወጣ ኮዳ ወለሉን ስለሚያረጥብ ተከለከለ። ቀጥሎ ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር፣ እሱም ወላጅ ነው፣ ሙያውን አካፈለን።

«እኛ በመንገድ ላይ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን መኪናው ጎን እናንጠለጥለዋለን። ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል።»

ባለቤቴ ከአሮጌ ፎጣ ለኮዳው ልብስ ሰፋች። ብዙም ሳይቆይ እሱም ተከለከለ፤ አንድ ልጅ በተጠቀለለ ኮዳ ለስላሳ ይዞ ገብቶ ነበርና።

«ወላሂ፣ ነገ ደግሞ ኮዳው ፀጉሩን ተቆርጦ ይምጣ ትለናለች!» አለች የካፌዋ ባለቤት በሩ ላይ።

«ገላፊ ላይ ድንበር ማለፍ ከዚህ ይቀላል» አለ ሾፌሩ።

በመጨረሻ ትንሽ ፔርሙዝ ገዛሁ። መምህርቷ አገላብጣ አየችው፣ ክዳኑን ሞከረች፣ ፈቀደች። የዚያን ቀን ቀለል ብሎኝ ልጄን ልቀበል ሄድኩ። ቦርሳውን አነሳሁ። ከበደኝ። ውሃው ቤት ስንደርስም ቀዝቃዛ ነበር፤ ሙሉም ነበር።

እራት ላይ ጠየቅኳት።

«ውሃው ይሞቃል እንዴ?»

«አይሞቅም፣ አባዬ።»

«ታዲያ ለምን አትጠጪም?»

«ከጠጣሁ ሽንቴ ይመጣላ።»

«ሲመጣ አስፈቅደሽ መውጣት ነው።»

«አይፈቀድም። በእረፍት ብቻ ነው። በእረፍት ደግሞ የሽንት ቤቱ ሰልፍ ረጅም ነው፤ ተራዬ ሳይደርስ ይደወላል።»

ባለቤቴ ጉርሻዋን እንደያዘች አየችኝ። «ሰው ሲጠይቅ የሚውል ጋዜጠኛ ይዤ!» አለች። ስለ ውሃው ከሾፌር እስከ ካፌ ባለቤት ድረስ አማክረናል፤ የምትጠጣዋን ልጅ ግን ማንም አልጠየቃትም።

በማግስቱ ከሰልፍ በፊት መምህርቷ ዘንድ ሄድኩ። የልጄን ሕመም፣ የሐኪሙን ምክርና ልጄ ያለችውን በቅደም ተከተል ነገርኳት። ስለ ኮዳ አላነሳሁም። ጠመኔውን አስቀመጠች።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ስለ ኮዳ ስንነታረክ፣ መታመሟን ለምን አልነገሩኝም?»

«ችግሩ የውሃው ሙቀት መስሎን ነበር።»

«እኔም ክፉ ሆኜ አይደለም። ይምጡ ላሳይዎት።»

ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ አጥሩ ወድቋል፤ ከአጥሩ ማዶ ከባድ መኪኖች ይቆማሉ። ትምህርት እንደተጀመረ ሰሞን አስፈቅዶ የወጣ አንድ ልጅ የተገኘው ከቆመ ተሳቢ ሥር ሲጫወት ነው። «ከዚያ ወዲህ ልጅ ከዓይኔ ሲርቅ እኔ አልችልም» አለች። ክፍተቱን ቆሜ አየሁት። ልጅ ቀርቶ እኔም አልፍበታለሁ።

ያየሁትን ለሌሎቹ ወላጆች ነገርኳቸው። ቅዳሜ ሾፌሩ ለአጥሩ ቆርቆሮ ይዞ መጣ፤ ሌሎቻችን ያዝን፣ እሱ ምስማሩን መታ። ሰኞ ሕጉ ተሻሻለ። ሽንት የመጣበት በማንኛውም ሰዓት ሊወጣ ይችላል፤ ሁለት ሁለት ሆነው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ሳይሮጡ፣ የግቢውን ግራ ጠርዝ ይዘው።

«ግራው ለምንድን ነው?» አለች የካፌዋ ባለቤት።

«ተይ እህቴ፣ አትጠይቂያት» አለ ሾፌሩ። «ሌላ ታወጣለች።»

በዚያ ቀን ልጄን ስቀበላት ቦርሳዋን እንደለመድኩት በኃይል ሳብኩት፤ እጄ ባዶ ዘንቢል እንዳነሳ ሰው ሽቅብ ሄደ። ፔርሙዙን ነቀነቅኩት። ምንም አልተንቦጫረቀም።

«ሁለቴ ወጣሁ» አለችኝ።

«በግራ ጠርዝ?»

«በግራ ጠርዝ። አባዬ፣ ውሃ ይዘሃል? የኔ አልቋል።»