ጠመኔ የተቀባ ፓምፕ

በ2003 ክረምት ኮተቤ ባለው ቤቴ ምድር ቤት ውስጥ ውሃ አስቸገረኝ። ውሃውን እዚያው ከተቆፈረ ጉድጓድ ስቦ ወደ ውጭ የሚገፋ ፓምፕ ነበረኝ፤ እሱም ያፈስ ነበር። ጉድጓዱ ቶሎ ቶሎ የሚሞላው በሱ ምክንያት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሁለት ባለሙያዎች መጥተው ጎማ ቀይረው ሄዱ፤ ማፍሰሱ ግን አልቆመም። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ያልሠራ ሰው ሠርቻለሁ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

ሦስተኛው ኢዶሳ ነበር፤ እዚያው አቅራቢያ ወሰን የሚባል ሰፈር የሚኖር፣ ፀጉሩ የሸበተ የቧንቧ ሠራተኛ። መፍቻውን ከማውጣቱ በፊት «ጠመኔ ይኖርዎታል?» አለኝ። አስተማሪ ቤት ጠመኔ አይጠፋም። ቧንቧውን በጨርቅ አድርቆ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ጠመኔ ቀባቸውና ፓምፑን አስነሳ። ጠብቀን አየን፤ ነጩ ጠመኔ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ረጠበ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች። የተሰነጠቀውን ቁራጭ አውጥቶ በአዲስ ተካው።

በማግስቱ ፓምፑ ደረቅ ነው፤ ጉድጓዱ ግን እንደገና ሞልቷል። አስጠራሁትና ተቆጣሁት። ኢዶሳ ወደ ጉድጓዱ ቀረበ። ጎንበስ ብሎ ውሃውን በእፍኙ ጨለፈና ጠጣው።

«ይሄ ከፓምፑ የፈሰሰ አይደለም፤ ምንጭ ነው» አለኝ። «ከብቶቻችን እዚህ ነበር የሚጠጡት። ቦታው ለቤት ሲፈለግ ተነሺ ተባልን፤ ተነሳን።»

መፍቻውን ጠርጎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

«ለምንጩ ግን ማንም አልነገረውም።»