የጨረቃና የነጭ ቀሚስ ሠዓሊ

ኢርማ ክሩገር እንጀራዋን የምትበላው ማንም ስሙን የማይጠራውን ነገር እየሳለች ነበር። በ1928 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ፣ በሚስተር ሃልቨርሰን የማስታወቂያ ቢሮ ውስጥ ሴት ሠዓሊ እሷ ብቻ ናት። የወር አበባ መጠበቂያ ማስታወቂያ ሲመጣ ወንዶቹ «አንተ ያዘው፣ አንተ ያዘው» ሲባባሉ ቆይተው መጨረሻ እሷ ጠረጴዛ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ።

ደም አይባልም፤ ዕቃውም አይታይም። ታዲያ ምን ይሳል? ነጭ ቀሚስ የለበሰች እመቤት ቆማ ጨረቃ ታያለች። አንዳንዴም ፈረስ ላይ ትወጣለች። እንደው በሞቴ፣ በዚያ ቀን ነጭ ለብሳ ፈረስ የምትጋልብ ሴት ማን አይቶ ያውቃል? ኢርማም እየሳለች ትስቃለች። ከሥዕሉ ሥር «ለጭንቅ ቀናት፣ የልብ ሰላም» ተብሎ ይጻፋል። ባለ ሱቆቹ ደግሞ ሰው እንዳያውቀው ብለው ካርቶኑን በሰማያዊ ወረቀት ይጠቀልሉታል፤ በሰማያዊ ወረቀት የሚጠቀለል ሌላ ዕቃ ስለሌለ ከተማው ሁሉ ከሩቅ ይለየዋል። ጉድ እኮ ነው!

አንድ ቀን ዕቃውን የሚሠራው ደንበኛ ለልጃገረዶች መጽሔት የሚሆን ማስታወቂያ አዘዘ። ወንዶቹ ተሰብስበው ነጭ ወፍ ትሁን፣ የለም አበባ ይሁን ሲሉ ዋሉ። ኢርማ ግን ወፍም አበባም አልሳለችም። በትልቁ እንዲህ ብላ ጽፋ አመጣች፦ «አይዞሽ፣ አትሞቺም። ይህ ደም ለሴት ሁሉ ይመጣል።»

ሚስተር ሃልቨርሰን ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ይኼ ከወጣ ደንበኛው ይሸሻል። ወይ ሰርዢው፣ ወይ ዕቃሽን ሰብስቢ!»

ኢርማ ከመሳቢያዋ አንድ ደብዳቤ አወጣች። የጨረቃዋን ማስታወቂያ አይቶ ጉስታቭ የሚባል የገጠር ሽማግሌ የላከው ነው። ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የልብ ሰላም የለኝም። እባካችሁ አንድ ካርቶን ላኩልኝ። የሚዋጠው ከምግብ በፊት ነው በኋላ?»

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ክላረንስ የሚባለው ጸሐፊ እንባውን እየጠረገ «ይላክለት እንጂ! ትራስ ያደርገዋል!» አለ።

«ሳቁ፣ ሳቁ» አለች ኢርማ። «ሽማግሌው ምን ያድርግ? ዳር ዳሩን የዞርነው እኛ። እኔም በአሥራ አንድ ዓመቴ ደሙን ሳይ፣ መሞቴ ነው ብዬ ጎተራ ውስጥ ተደበቅሁ። ዶሮዬን ለእህቴ ተናዘዝኩ። እናቴ ሁሉን ታውቅ ነበር፤ አፍራ ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ትላላችሁ። ኧረ ይነቅዛል!» እንዲህ ብላ ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

የሚስቅ ጠፋ።

«በስንት ዓመትሽ አልሽ?» አለ ሃልቨርሰን።

«በአሥራ አንድ።»

የማስታወቂያውን ወረቀት አጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተና ወጣ። ክላረንስ «በቃ፣ ዕቃሽን ላግዝሽ?» አላት፤ ማሾፉ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ኢርማ ብሩሾቿን አጥባ በጨርቅ ጠቀለለቻቸው። የሚያስፈራት የቤት ኪራይዋ ነበር፤ በጻፈችው ግን አልተጸጸተችም።

በማግስቱ ጠዋት ሃልቨርሰን መጥቶ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋው። ዓይኗን ማየት አቅቶታል። ከኢርማ ጽሑፍ ሥር በልጅ እጅ፣ በእርሳስ፣ ሦስት ጥያቄዎች ተጽፈዋል፦ «ያማል? ስንት ቀን ይቆያል? አባባ ያውቃል?»

«ልጄ ሊዝቤት ናት» አለ። «አሥራ አንድ ዓመት ሞላት። ማታ ወረቀቱን ሰጠኋት። እናትሽን ጠይቂ ብላት እናትየው አፍራ ጓዳ ገባች። እኔ ደግሞ መልሱን አላውቀውም። እባክሽ ጻፊላት። ማስታወቂያውም እንዳለ ይታተም፤ ደንበኛውን እኔ እችለዋለሁ።»

ኢርማ እርሳስ አነሳች። «ትንሽ ያማል፤ ያልፋል» ብላ ጻፈች። «አራት አምስት ቀን» ብላ ጻፈች። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ሰውዬውን አየችው። ቆቡን በእጁ እያሻሸ እንደ ተማሪ ቆሟል።

«አሁን ያውቃል» ብላ ጻፈች።