ቁስል የሌለው አይወርድም

ከፒያሳ ታቦር የሚሠራው የሚኒባስ ሹፌር ኩማ ሃያ ዓመት ሙሉ ከፌርማታ ውጭ ሰው አውርዶ አያውቅም። «ወራጅ አለ!» ብለን ብንጮህ ዞሮም አያየንም።

በቀደም ሐይቅ ዳር ዓሣ ሲበላ አጥንት ጣቱን ወጋው። ጣቱ አመርቅዞ እንደ ቲማቲም ሲያብጥ ክሊኒክ ሄደ።

ነርሷ ታቢታ፣ «አይዞዎት ጋሽ ኩማ፣ ነጭ የደም ሴሎችዎ እየደረሱልዎት ነው» አለችው። «ከደም ጋር ሲከንፉ ቆይተው ቁስሉ አጠገብ ሲደርሱ ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ይንከባለላሉ፤ ከዚያ እዚያው ይጣበቁና በግድግዳው መጋጠሚያ ሾልከው ይወጣሉ።»

ኩማ ተቆጣ። «ፌርማታ በሌለበት?»

«ፌርማታቸው ቁስሉ ነው። የሚጠራቸውም እሱ ነው።»

ጣቱ ዳነ፤ ሰውዬው ግን ጭራሽ ባሰበት። አሁን የትም ያወርዳል፤ መጀመሪያ ግን ቁስል አሳዩኝ ይላል። ትናንት የተላጠ ጉልበቴን አሳየሁትና ቆመልኝ። በሩን አስከፍትልኝ ስለው ደግሞ፣ «ለነጭ ሴሎቹ ማን በር ከፈተላቸው?» ብሎ አፈጠጠብኝ።

በመስኮት ስሾልክ ክንዴ ተላጠ። ኩማ ደሙን አየና ፊቱ በራ።

«እሰይ! ለነገም መውረጃ አገኘህ።»