ሳይፈረም የቀረው ወረቀት

ረቡዕ፣ በኅዳር ሁለተኛው ሳምንት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ስዊድን አገር፣ አልቢ በሚባል ሰፈር ባለው የጎረቤቴ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከጡረታ መሥሪያ ቤቱ ስልክ ላይ ያለችው ሴት በጎረቤቴ ስም የተመዘገበ የሥራ ጡረታ እንደሌለ ተናገረች።

"እንደገና ትፈልግ፤ በላት" አሉኝ።

አልኳት። ፈለገች። የለም።

እትዬ የምላቸው እኚህ ጎረቤቴ ስልሳ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። ሃያ አንድ ዓመት በአንዲት ትንሽ የጽዳት ድርጅት ተቀጥረው የመኖሪያ ሕንፃዎችን ደረጃ ሲወለውሉ ኖረዋል። የቀኝ ትከሻቸው ጅማት ተበጥሶ አንዴ ተሰፍቷል፤ ሐኪሙ ዳግመኛ ቢበጠስ አይሰፋም ብሏቸዋል። በፋሲካ ሥራ ሊያቆሙ ወስነው ነበር። ማቆም የሚችሉት ግን በመንግሥቱ ጡረታ ላይ ሁለተኛው፣ የሥራ ጡረታው፣ ከተጨመረ ብቻ ነው። የኪራይ ድጎማ አለ፤ ሥራ የፈታው ትልቁ ልጃቸው አብሯቸው ስለሚኖር ግን የሚታሰብላቸው ግማሹ ኪራይ ነው። ይህን ሁሉ አብረን አጣርተን፣ እሳቸው ሁለተኛው እንዳለ እርግጠኛ ሆነው፣ እኔም አሠሪያቸው በፈቃዳቸው ከፍለው ይሆናል ብዬ ነበር የደወልነው።

ሕጉ እንዲህ ነው። አሠሪ የሆነ ሁሉ፣ አንድ ሠራተኛ ብቻ ቢኖረውም፣ በየወሩ ለመንግሥት የአሠሪ ክፍያ የመክፈል ግዴታ አለበት። የመንግሥቱ ጡረታ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሁለተኛውን፣ የሥራ ጡረታ የሚባለውን፣ ሕግ አያስገድድም። አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበር ጋር ስምምነት ከፈረመ፣ ወይም በራሱ ፈቃድ ከከፈለ ይኖራል። አለዚያ የለም። ብዙው አበሻ ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የሚያውቀው። እኔ ለያይቼ አውቃቸው ነበር። በዚያው ሰሞን በምሠራበት የአማርኛ ሬዲዮ ዝግጅት ላይ ስለ እነሱ ዘገባ ሠርቻለሁ።

"በዚያው ሰሞን" ያልኩት የሠራተኛ ማኅበር ሰው ወደ እትዬ ድርጅት የመጣበትን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗል። የድርጅቱ ቢሮ እኛው ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ያለች፣ መጥረጊያና ባልዲ የሞላባት አንዲት ክፍል ነበረች። የድርጅቱ ባለቤት የእትዬን ልጅ ክርስትና ያነሱ አበልጃቸው ናቸው። ሥራውንም የሰጧቸው እሳቸው ነበሩ። ሠራተኞቹ ሰባት ሲሆኑ ሁሉም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። ከፋኬት፣ ከሠራተኛ ማኅበሩ ማለት ነው፣ አንድ ስዊድናዊ ወረቀት ይዞ ሲመጣ ከሬዲዮው ጎን አስተርጓሚም ስለነበርኩ እኔ ለትርጉም ተጠራሁ።

ሰውየው በትሕትና ጠየቀ። ሠራተኞቹ ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር ስምምነት እንዲፈራረም ይፈልጋሉ ወይ?

ሰባቱም እርስ በርስ ተያዩ። ባለቤቱ ጥግ ቆመው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ እስክሪብቶ በእጃቸው ይዘው ነበር።

"ማነው የከሰሳቸው?" አሉ እትዬ በአማርኛ።

"ማንም አልከሰሰም፤ ይጠይቃል እንጂ" አልኩ።

"ሳይከሰሱማ ፋኬት ምን ያደርጋል እዚህ? ንገረው። ልጄን ከጥምቀት ውኃ ያወጡ ሰው ናቸው። እኔ በአበልጄ ላይ ወረቀት አላስፈርምም። እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን፤ ችግር የለብንም በለው።"

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ ደግሞ "ቡና ስጡትና ይሂድ" ብሎ አሳቃቸው።

በትርጉም ላይ አንድ ደንብ አለኝ። ያሉትን ቃል በቃል አቀብላለሁ፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም። በዚያ ደንብ ሥራዬን ጠብቄ ኖሬያለሁ። ያን ቀንም ያሉትን አንድ ሳላስቀር ተረጎምኩ። ሰውየው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። ወረቀቱ ውስጥ የሥራ ጡረታ እንዳለበት አውቅ ነበር። ማንም ስላልጠየቀኝ አልተናገርኩም።

ከስልኩ በኋላ እትዬ ኮታቸውን ለበሱ። አበልጃቸው ዛሬ የሚኖሩት በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሄሰልቢ ነው። በቀዩ የባቡር መስመር መሐል ከተማ ደርሰን፣ አረንጓዴውን እስከ መጨረሻው ተሳፍረን፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጓዝን። በመንገድ ላይ እንዲህ አሉኝ።

"ከፍለውልኛል። ስልኩ ላይ ያለችው ልጅ አላወቀችም።"

ባለድርጅቱ ሰባ ዓመታቸው ነው። ድርጅቱን በታኅሣሥ መጨረሻ እንደሚዘጉት ገና በር ላይ አስታወቁን። ነገሩን ስነግራቸው ማኅደራቸውን አውጥተው በየወሩ ለመንግሥት የከፈሉበትን ማስረጃ አንድ በአንድ ደረደሩልን። አንድም ወር አልተዘለለም።

"ይኸው አበልጄ፣ ጡረታዎ" አሉ።

"ይሄ የመንግሥቱ ነው" አልኳቸው። "ሌላኛውስ?"

"ሌላ አለ እንዴ?"

ከማኅደሩ ግርጌ ያ ወረቀት ወጣ። ንጹሕ ነው። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው።

"እኔማ ልፈርም ነበር" አሉ ወረቀቱን እያዩ። "እስክሪብቶ ይዤ ነበር እኮ። ሕግ ነው ብዬ። እናንተ አይሆንም ስትሉ ግዴታ ካልሆነማ ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት።"

እትዬ ወረቀቱን ተቀበሉ። ስዊድንኛ ማንበብ አይችሉም፤ ቢሆንም ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከተሉት።

"ለራስዎስ አስቀምጠዋል?" ብዬ ባለድርጅቱን ጠየቅኋቸው።

"ለራሴ? እኔ አለቃ ነኝ፤ ማን ይከፍልልኛል?" ብለው ሳቁ። እሳቸውም በየጠዋቱ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ሄደው እንደሚያጸዱ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ስንመለስ፣ ባቡሩ ውስጥ፣ እትዬ ወደ መስኮቱ ዞረው "አንተ ታውቅ ነበር?" አሉኝ።

"አውቅ ነበር።"

"ሚኒስትር ስትጠይቅ በሬዲዮ እሰማሃለሁ። ሰውየው እስኪያልበው ድረስ አትለቅም። ያን ቀን ምላስህን ምን ያዘው?"

"እንድተረጉም ነበር የተጠራሁት።"

"ብትነግረን ኖሮ እንሰማህ ነበር?" አሉ።

"አላውቅም እትዬ።"

"እኔም አላውቅም።" ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ማኅበሩን፣ የጡረታ ባለሥልጣኑን፣ አንድ የሕግ ባለሙያም ጠየቅሁ። ሦስቱም አንድ መልስ ሰጡኝ፤ ስምምነት ካልነበረ የሚጠየቅ ነገር የለም። ለማረጋገጥ ብዬ ለሦስቱም ደግሜ ደወልኩላቸው። መልሱን ለእትዬ ስነግራቸው ልጃቸው አጠገባቸው ነበር። እሱም በስዊድንኛ ያኔ ወረቀቱን ለምን እምቢ እንዳሉ ጠየቃቸው። እኔ አልተረጎምኩም፤ ጥያቄውን ሰምተውታል።

ድርጅቱ በታኅሣሥ መጨረሻ ተዘጋ። እትዬ በጥር ሶልና በሚባል ሰፈር ውስጥ ሌላ የጽዳት ሥራ አገኙ። መንገዱን ስለማያውቁት የመጀመሪያውን ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። ሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከስድስተኛው ፎቅ ጀምረው ደረጃውን ወደ ታች መወልወል ያዙ። መወልወያውን የያዙት በግራ እጃቸው ነበር።