ከፖስተሩ ግርጌ ያለው ስም

የድሮው የፈረንሳይ ኮሜዲ ቲያትር በዝነኛ ተዋናዮች እንደገና ሊታይ ነው ተብሎ የቡልጋሪያዋ ከተማ የፕሎቭዲቭ ሰው ትኬት ለመቁረጥ ሲጋፋ፣ አንዲት አዛውንት ሴት ግን ወረፋ ይዘው አያውቁም። አረንጓዴ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው በየማለዳው ወደ ቲያትር ቤቱ በር ይመጡና፣ የተዋናዮቹን ፎቶ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ፣ ከፖስተሩ ግርጌ በትንሹ የተጻፈውን የተርጓሚ ስም በጥፍራቸው ይፍቃሉ። ዛሬ ትኬት ሻጯ ዞርኒጻ ትዕግስቷ አልቆ ወጣችባቸው።

«እማማ፣ ኧረ ይተዉ! ሟቹ ሰውዬ ምን በደለዎት?»

«ባሌ ነበር።»

«ታዲያ ክብሩ የእርስዎም አይደል?»

የሴትዮዋ ፊት በንዴት ቀላ። «አንቺ ልጅ፣ እሱ በፈረንሳይኛ ውሃ መጠየቅ እንኳ አይችልም ነበር!»

ዞርኒጻ መቀሷን አምጥታ አቀበለቻቸው። «ጥፍርዎ አለቀ እኮ፣ በዚህ ያድርጉት።»