ቤት ሳልገዛ ያነሳሁት ጽዋ

ጽዋውን ያነሳሁት ቤቱ የእኛ ከመሆኑ በፊት ነው። ባለቤቴ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ይህን እያነሳ ይስቅብኛል። አሁን አብሬው እስቃለሁ፤ ያኔ ግን አላሳቀኝም።

የይፋግ ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር የመጣሁት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥሬ ሲሆን ሥራዬ የጨርቅ ጥራት መመርመር ነው። የተበጠሰች ክር ከሩቅ ታየኛለች፤ የራሴ ጉዳይ ሲሆን ግን ገደል አይታየኝም። ባለቤቴ ሐዋሳ ያደገ የቴክኒክ መምህር ነው። እሱ ደግሞ ሁለቴ ሳይለካ ሚስማር አይመታም። ከተጋባን ጀምሮ በዘጠኝ ዓመት አምስት ኪራይ ቤት ቀያየርን። አንዱ አከራይ ልጁን ሊድርበት ፈለገው፣ ሌላዋ ዋጋ ጨመረች፣ ሦስተኛው ሽንት ቤቱን ቆለፈብን። ስለዚህ ደላላው ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ አቅማችን የሚደርስበት ቤት አለ ሲለን፣ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ለባብሰን ሄድን።

ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው፤ ጣሪያው ዝጓል። ጓሮው ግን ሰፊ ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ የዘይቱን ዛፍ አለ። የበሰለ ዘይቱን አንስቼ እዚያው ቆሜ በላሁና አልጋው የት እንደሚሆን፣ ቁም ሳጥኑ የት እንደሚቆም ለባለቤቴ ማሳየት ጀመርሁ። «ላም አለኝ በሰማይ» አለኝ።

ሻጯ የአንድ የቅኔ መምህር ሚስት የነበሩ አሮጊት ናቸው። መምህሩ ካረፉ ወዲህ ሐሳባቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ቤቱን ሸጠው፣ ለልጆቻቸው ድርሻቸውን ሰጥተው፣ ጣና ላይ ካሉት የደሴት ገዳማት ሴት የሚያስገባው ገብተው ቆብ መድፋት። ቤቱ የውርስ ስለሆነ ሦስቱም ልጆቻቸው መፈረም ነበረባቸው። ሁለቱ ሴቶች ተስማምተዋል፤ ወንዱ ሩቅ አገር ሥራ ላይ ነበር። «ይመጣል፣ ይፈርማል» አሉን። እኛም ቀብድ ሰጠን።

በዚያው ሰሞን የማርያም ማኅበር ተራው የሳቸው ነበርና ጋበዙን። «ቤቱን ወስዳችሁ ጎረቤቱን ልትተዉት ኖሯል?» አሉ። የማኅበር ደንብ የታወቀ ነው። በየወሩ ተረኛው ይደግሳል፤ ሲያበቃ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ለቀጣዩ ያስረክባል። ጽዋ ያነሳ ሰው ሳይደግስ አይመልስም፤ ከመለሰ ስሙም ልቡም አብሮ ይጎድላል። የዚያን ቀን ቀጣዩ ተረኛ ሐዘን ላይ ስለነበር፣ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የሚባሉት ሽማግሌ አናጢ «እንግዲህ ማን ያንሳልን?» ብለው ጠየቁ። እጄን አወጣሁ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ባለቤቴ ክንዴን ቆነጠጠኝ።

«መጀመሪያ የቤቱ ካርታ በስማችን ይዙር እንጂ!» አለ በሹክሹክታ።

«እሷው ታዞረዋለች» አልሁት፣ ማርያምን ማለቴ ነው።

ለፊርማው በተቀጠርንበት ቀን ውል ከሚፈረምበት ቢሮ በር ላይ ወረፋ ይዘን ሳለ ወንዱ ልጃቸው መጣ። ከነሚስቱ፣ ከነሻንጣው ነበር። እናቱን ስሞ ወደኛ ዞረ። «ሥራዬን ለቅቄ መጥቻለሁ። ያባቴን ቤት አልሸጥም፤ እኖርበታለሁ። ይቅር በሉኝ» አለ። ባለቤቴ የያዘውን ወረቀት በዝግታ አጠፈ። እኔ ግን ወደ አሮጊቷ ዞርሁ።

«እሜቴ፣ ቆብ ሊደፉ ነው ወይስ ሰው ሊያታልሉ?» አልኋቸው፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው መሬት መሬት አዩ።

ቀብዳችን በማግሥቱ ሳይሸራረፍ ተመለሰ። የማይመለሰው ጽዋው ነበር። ከቴሌቪዥኑ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ነጭ ጨርቁን ለብሶ ተቀምጧል። እኛ ያለንባት አንዲት ክፍል አልጋና ጠረጴዛ ከገባባት ወዲህ ለሦስተኛ ሰው መቆሚያ የላትም። አከራያችን ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን በግቢዋ ጭስም ሆነ ጉባኤ አትወድም። ማርያም ሦስት ሳምንት ቀርቷታል።

አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ ባለቤቴ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰደኝ። ቄጠማው አጠገብ ተቀምጬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ።

«ቤቱ ነው እንዲህ ያደረገሽ?» አለኝ።

«ቤቱስ ይቅር! ጽዋውን የት ላድርሰው? ደግሞ እኒያን ሴትዮ ምን ብዬ ነው የተናገርኋቸው?»

«እኔ እንደገባኝ ሁለቱም የሚፈታው አንድ ቦታ ነው። እሳቸው ቤት» አለኝ።

እውነቱን እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ስላወቅሁም ተቆጣሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ አፍስሼ ለመልቀምም ኮራሁ። ብዙ ቀን ቆይቼ፣ ወደ አሮጊቷ በመሄድ ፋንታ ጽዋውን በነጠላዬ ሸፍኜ ሙሴው ዘንድ ወሰድሁት። ሽማግሌው እንጨት እየላጉ ነበር። ነገሩን ሁሉ ሰምተው እጃቸውን እንኳ አልዘረጉልኝም።

«ጽዋውን ያነሳሽ አንቺ፤ ቤቱ መች አነሳ? ሜዳ ላይም ብትደግሺው እንመጣለን» አሉና ወደ መላጊያቸው ተመለሱ።

እንደታቀፍሁት ቤቴ ስደርስ አሮጊቷ በራችን ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እግራቸው ሥር አንድ እስር ጌሾ አለ።

«ከጓሮዬ የቆረጥሁት ነው» አሉኝ። «ቀኑ ሳይሄድብን ነገ ነይና እኔ ቤት እንጠንስስ። ዳሱን ልጄ ይተክለዋል።»

ይቅር ይበሉኝ ልል አፌን ከፈትሁ። የወጣው ግን «ውሃ ላምጣልዎት?» የሚል ነው። ውሃቸውን ጠጡ፣ መረቁኝ፣ ሄዱ።

እንዲህ ሆኖ፣ ሳይሸጡልኝ በቀሩት ቤት ውስጥ ድግስ ደገስሁ። ጋኑ የሳቸው፣ እህሉ የኛ፣ ብርጭቆና መቀመጫው የጎረቤት። የቧንቧው ውሃ በጠፋ ጊዜ ልጅየው በጄሪካን አመላለሰ። ሁለት ቀን ሙሉ ፊቱን አላየሁትም። በሦስተኛው ቀን ዘይቱኑ ሥር ዳስ ሲተክል ቋሚው ተንሸራቶ አናቱን መታው፤ ሳላስበው ሳቅሁ፣ እሱም ራሱን እያሸ ሳቀ። ባለቤቴ ተቀብሎት ቋሚውን እንደ ልማዱ ሁለቴ ለክቶ ተከለው።

የማርያም ዕለት ሰው ዳሱን ሞላው። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦው ተባረከ። ጽዋው ከመዞሩ በፊት ሙሴው ተነስተው በየወሩ የሚሉትን አሉ።

«የተቀያየመ ካለ ይታረቅ። ቂም ተይዞ ጽዋ አይጠጣም።»

ዘወትር በዚህ ጊዜ ሁሉም ዝም ይላል፤ ይታለፋል። እኔ የጠላ ማንቆርቆሪያ እንደያዝሁ በዳሱ መሐል ቆሜያለሁ።

«እኔ አለሁ» አልሁ። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ ሄድሁና አሮጊቷ ጉልበት ሥር ወደቅሁ። «በሰው ፊት አዋርጄዎታለሁ። በሰው ፊት ይቅር ይበሉኝ።»

ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ። አለቀ ብዬ ስተነፍስ፣ እሳቸው በትራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«እኔም አለሁ» አሉ። «ልጄ ገና ከጥንቱ አልሸጥም ብሎኝ ነበር። ሲመጣ እመልሰዋለሁ ብዬ፣ ደብቄ ቀብዳቸውን ተቀበልሁ። ገዳሙ ናፍቆኝ ቸኮልሁ። ይህች ልጅ ያን ቀን የተናገረችኝ እውነት ነው።»

እውነት ይዤ እንደዚያን ቀን ያዘንሁበት ጊዜ የለም። እንደዚያን ቀንም ቀልሎኝ አያውቅም። ያን ከመናገር ዝም ማለት ይችሉ ነበር፤ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። የኔ ኀፍረት ብቻውን እንዳይቆም ብለው የራሳቸውን አጠገቡ አቆሙልኝ። ሙሴው «በሉ ተሳሳሙ» አሉን፤ ተሳሳምን፣ ተላቀስን። ከጽዋውም እሳቸው ጠጥተው ለኔ ሰጡኝ።

ሲያበቃ ለቀጣዩ ወር እጁን ያወጣው ልጅየው ነበር። ጽዋውን በሁለት እጄ አስረከብሁት፤ እሱም ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ያን ጊዜ ልቤን ፈትሼ ቅሬታ ፈለግሁበት። አላገኘሁም።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈ። ቤት አልገዛንም፤ ዋጋው እኛን ጥሎን ሄዷል፤ አንዳንድ ቀን ይቆጨኛል፣ አልዋሽም። ግን ሙሴው ከአሮጊቷ ቤት በሦስተኛው በር ሁለት ክፍል ኪራይ ፈልገውልን ሹም አቦ ገብተናል። አሮጊቷ «ዘንድሮ እገባለሁ» እያሉ እስካሁን ገዳም አልገቡም፤ የምራታቸውን እጅ ወደዱት መሰል። ቤቱን ገዝተን ቢሆን ኖሮ እሳቸው ደሴት ላይ፣ እኔ ባዶ ጓሮ ውስጥ ነበርን። እመቤቴን ስለዚህ አመሰግናታለሁ፤ ባለቤቴንም ስለ ቁንጥጫው።

ባለፈው ሳምንት ዘይቱኑ በስሎ ኖሮ፣ ቅርጫት ሙሉ ይዘው ከደጄ ደረሱ።

«እንኪ፣ ልጄ» አሉኝ። «ከጓሮሽ ነው።»

አላረምኋቸውም። ተቀብዬ አንዱን እዚያው ቆሜ በላሁት።