የዋንዛ ፊደላት

ደቅሲሳ መቱ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከሱቁ ጀርባ ብቻውን ይኖራል። ሐዘኑን ያስረሳኛል ብሎ በኮምፒውተር የምትታዘዝ ትንሽ የእንጨት መቅረጫ ማሽን ገጣጠመና ከዋንዛ የኪቦርድ ቁልፎች መሥራት ጀመረ። ደንበኞቹ አዲስ አበባ ያሉ፣ ፊታቸውን አይቶ የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ በስልክ ያዛሉ፣ በአውቶቡስ ይልካል።

አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ አበባየሁ በዱላ እየዳበሱ ገቡ። ድሮ የፍርድ ቤት ታይፒስት ነበሩ፤ አሁን ዓይናቸው ጠፍቷል።

"እጄ የሚያውቀው የድሮውን ታይፕ ነው። በኮምፒውተሩ የፊደሉ ቦታ ተለዋውጦብኛል። በጣቴ የማነበው ቁልፍ ትሠራልኛለህ?" አሉት።

ሠራ። "ለ" እና "ሰ" ሲምታቱባቸው መልሶ አጥልቆ ቀረጻቸው። እትዬ በየቀኑ እየመጡ ይዳብሳሉ፣ የፍርድ ቤቱን ወሬ እያነሡ ያስቁታል። ሱቁ ውስጥ ከተሳቀ ዘመን አልፎ ነበር። እናም ሥራው ሲያልቅ አላለቀም አላቸው። ያለቀውን ቁልፍ እንደገና ይሞርዳል፣ ይወለውላል።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር ካለቀ ሰንብቷል አይደል?" አሉት አንድ ቀን።

ደቅሲሳ አንገቱን ደፋ። እንደማያዩት ትዝ ሲለው፣ "አዎ እትዬ" አለ።

"አውቄያለሁ። እኔም ዝም ያልኩት መምጣቱን ወድጄው ነው። አሁን ግን ሴት ልጄ ትንቢት እሷ ወደምትኖርበት ወደ ኡካ ልትወስደኝ ነው።"

ኪቦርዱን በጨርቅ ጠቅልሎ መኪናው ድረስ ሸኛቸው።

ኡካ ሩቅ አይደለም። እሑድ እሑድ ልሂድ ብሎ ልብሱን ይለብሳል። ከዚያ "ምን ብዬ እሄዳለሁ?" ይልና ተመልሶ ይቀመጣል።